«ነግሬያለሁ» ያለኝ ሰው

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ አሳጥሬ «ሰው ጠያቂ ነኝ» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው። ካንሰር በምን በምን ሰበብ እንደሚመጣ የሚያጠና ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ የሚውል ይመስላቸዋል። የኔ ዕድሜ ያለቀው በየዳሱና በየገበያው ጥግ ከቀን ሠራተኛ፣ ከሾፌር፣ ከሻይ ሻጭ ፊት ተቀምጬ «ምን ትበላለህ? ምን ትጠጫለሽ? አፍህ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?» እያልኩ ነው። መጠየቅ ቀላል ነገር የሚመስላቸው ወጣት ተመራማሪዎች ሲያጋጥሙኝ ደሜ ይፈላል። ጥያቄ በማይሆን ቃልና በማይሆን ሰው አፍ ከቀረበ ሰው ሊገድል እንደሚችል አይቻለሁና። ያየሁትም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ፣ ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ነው።

በደርግ ጊዜ ጎንደር የጤና ተማሪ ነበርኩ። የቀበሌ ጠባቂዎች ስሜን ይዘው በራችንን ሲደበድቡ በጓሮ ወጥቼ ጠፋሁ። ከዘመድ ዘመድ እየተሸጋገርኩ ቆላ ወረድኩና አያ እንግዳው ከሚባል የአርማጭሆ ሰው ጋር አገናኙኝ። አያ እንግዳው በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ሲመላለስ የኖረ፣ ጫካውን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሰው ነው። ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ገላባት ስንቃረብ ወባ ጣለኝ። አብረውን የነበሩት መንገደኞች ፈርተው «እሷን ስንጎትት ሁላችንም ልናልቅ ነው» ማለት ጀመሩ። እሱ አዘለኝ። «እህቴን ጥዬ ገባሁ ብል የሚያምነኝ የለም» አላቸው። እህቱ አልነበርኩም፤ ስሜን እንኳ በቅጡ አያውቀውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ «እታለም» እንዳለኝ ቀረ።

ኡም ራኩባ ስንደርስ እኔ ሕክምና በሚሰጥባት የሣር ጎጆ ቁስል ማጠብና ኪኒን ማደል ጀመርኩ። እሱ የአጨዳ ወቅት ሲሆን እርሻ ይሄዳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ስደተኛው ቤተ ክርስቲያን ሲቀልስ ምሰሶውን ያቆመ እሱ ነው። የሚካኤል ማኅበር ሲቋቋምም ሙሴ አድርገው መረጡት። ሙሴ ማለት የማኅበሩ መሪ ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ የቀረውን ይጠይቃል፣ ያጠፋውን ይገሥጻል። አያ እንግዳው በሙሴነቱ ይኮራ ነበር። አገሩን፣ ርስቱንና ከብቱን ያጣ ሰው በዚያ ቢኮራ አልፈርድበትም።

ነገሩ የመጣው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ዶክተር ኡስማን የሚባል ሱዳናዊ ሐኪም ከገዳሪፍ ብቅ አለ። ከእርሻዎቹ ወደ ሆስፒታል የሚመጡ ብዙ ሰዎች አፋቸው ውስጥ ክፉ ቁስል ይዘው ስላገኛቸው ሰበቡን ሊያጠና ተነሥቷል። የሚጠረጥረው ቶምባክን ነው። ቶምባክ ደቃቅ ትምባሆ ነው፤ በጨዋማ ውሃ ይለወስና በመዳፍ ተድቦልቡሎ ከታችኛው ከንፈር ወይም ከድድ ሥር ይወተፋል። አንዷን ድብልብል ሰፋ ይሏታል። ሰሊጥ አጫጆች ሰፋ ረሃብ ታስታግሳለች፣ እንቅልፍ ታባርራለች፣ የጥርስ ሕመም ታደነዝዛለች ይላሉ። ከእኛም ሰዎች ስንቱ በዚያ በረሃ እንደለመዳት አንድ እግዜር ያውቃል። በአፉ ግን ማንም አያወጣትም። ጎንደሬ ክርስቲያን ትምባሆ ነካ ከተባለ መሰደቡ አይቀርም፤ ቆራቢ ከሆነማ ጉዱ ፈላ።

ዶክተር ኡስማን መጀመሪያ የመጣ ቀን አፉን የከፈተለት ሰው አልነበረም። ጥርስ ሊነቅል ነው፣ ምላስ ሊቆርጥ ነው ተባለ። ስለዚህ ብልህ የመሰለ ዘዴ ተዘየደ። የሰፈሩ ቄስ መምሬ አድማሱ ገዳሪፍ ብዙ ዓመት ስለኖሩ ዐረብኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። እሳቸው ሰው እንዲጠሩና እንዲያስተረጉሙ ተለመኑ። እኔና ዶክተሩ በእንግሊዝኛ እንግባባ ነበር፤ ግን ሰው የሚያምነው እሳቸውን እንጂ ትናንት የመጣች ተማሪ አይደለም። እውነትም ሰው ጎርፎ መጣ። ሁላችንም ደስ አለን።

ከዳሱ ሥር አንድ በርጩማ አኖርን። ዶክተሩ ፊት ለፊት፣ መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ከጎን፣ እኔ ባትሪ እያበራሁ። ወረፋ የያዘው ሰው በዙሪያችን ተኮልኩሎ ያያል፤ ይሰማል። ዶክተሩ በዐረብኛ «ቶምባክ ትወስዳለህ?» ይላል። መምሬ ይህን ወደ አማርኛ ሲመልሱት «ልጄ፣ ትምባሆ ትነካለህ እንዴ?» ይሆናል። ያቺ «እንዴ» መልሷን አንጠልጥላ ነው የምትመጣ። ከቄስ አፍ «ትነካለህ እንዴ» ተብሎ፣ ጎረቤት ቆሞ እየሰማ፣ «አዎን እነካለሁ» የሚል ክርስቲያን ከየት ይምጣ?

«ሎቱ ስብሐት!» አለ አንደኛው አማትቦ።

«ኧረ ምን በወጣኝ፣ አባቴ!» አለ ሌላው።

ደፍሮ የተናገረ መሐመድ ኑር ብቻ ነው። የመተማ ሰው ነው፤ ሻይና ስኳር ይነግዳል። «እናስ!» አለ እየሳቀ። «ሰፋ ሳልይዝ ሱክ፣ ገበያው ውዬ አላውቅም። በሉ እዩልኝ፣ ይኸ ቁስል ምግብ ከለከለኝ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩ ግን አልሳቀም፤ ቁስሉን አገላብጦ አይቶ ወዲያ ተቀመጥ አለው።

ከዚያ አያ እንግዳው ተቀመጠ። ባትሪውን አበራሁ። በግራ በኩል፣ ከታች ድዱ ላይ፣ አንድ የተሸረፈ ጥርስ አለ። ከጥርሱ ሥር ጠርዙ ጠጠር ያለ ቁስል አየሁ። ዙሪያው ነጣ ብሎ የተኮማተረ ነው። ዶክተሩ በጣቱ ነካካው፤ አንገቱን ዳሰሰ፤ ጠየቀ። መምሬ «እንግዳው፣ አንተም ትምባሆ ትነካለህ እንዴ?» አሉት። ጠየቁኝ ሳይሆን ቀለዱብኝ የሚያሰኝ ነበር።

አያ እንግዳው መስቀሉን አየ። ቀና ብሎ የማኅበሩን ሰዎች አየ። «እኔ? እኔ እንግዳው?» አለ።

«ላ» አሉ መምሬ ለዶክተሩ። አይወስድም ማለታቸው ነው።

ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ወደ እኔ ዞረ። «ቶምባክ የሚወስድ ቢሆን ይዤው እሄድ ነበር። የማይወስድ ከሆነ ግን ጥርሱ እየፋቀው የቆሰለ ነው። ጥርሱን እነቅልለታለሁ፤ ይድናል።» መኪናው ላይ ታማሚ የሚጋደምባት አንዲት ቦታ ብቻ ነበረች። ጠዋት ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ወደ ካርቱም። ዝናቡ ከጀመረ ያ ጥቁር አፈር ጭቃ ይሆንና እስከ መስከረም ማብቂያ መኪና አይገባበትም። በዚያች ቦታ ላይ መሐመድ ኑር ወይም አያ እንግዳው። በዶክተሩ ሒሳብ መሐመድ ኑር ሆነ።

ጥርሱ ተነቀለለት። ደሙን እየተፋ ወደ ጎጆው ሲሄድ ተከተልኩት። ለዝናቡ ብሎ የጎጆውን ክዳን ሊጠግን ሣር ይዞ ተንጠላጠለ።

«አያ፣ ውረድ እስቲ።»

«ምነው እታለም?»

«ሰፋ ትይዛለህ?»

እጁ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አፍህን አይቻለሁ። አያ፣ ይኸ ቁስል የጥርስ አይዶለም። ለሐኪሙ ካልተናገርህ ጥሎህ መሄዱ ነው። በክረምት ደግሞ ማንም አይመጣልህም።»

ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ልምምጥ ሆነ። «በእኔና ባንቺ ይቅር። አጨዳ ላይ ነው የለመድኋት። ጥርሴን ሲያመኝ አደነዘዘችልኝ። ከዚያ ወዲህ መተው አቃተኝ። ሙሴያችን ትምባሆ ይወስዳል ቢባል በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ?»

«ልንገርልህ?»

«እንዳታደርጊው!» አለ ደንግጦ። «በሚካኤል ይዤሻለሁ። የምናገር እንደሆን ራሴ እናገራለሁ።»

በሚካኤል ያዘኝ። ያዘለኝ ሰው ነው። ለሐኪሙ ሳልነግር ቀረሁ፤ ግን «ዛሬውኑ ተናገር፣ ሞትህ ነው» እያልኩ ከደጁ ሳልለይ ለመንኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሕክምናው ጎጆ ደጅ ሆኜ አየሁት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መምሬ ፊት ተንበርክኳል። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ መምሬ በመስቀላቸው ባረኩት። ሲመለስ ፊቱ በርቷል፤ ሸክም ያወረደ ሰው ይመስላል።

«ነግሬያለሁ፣ እታለም።»

«እውነት?»

«ሁሉንም። አንድ ያስቀረሁት የለ። ተገላገልሁ።»

ደስታዬ ወሰን አጣ። ለማን ነገርህ ብዬ አልጠየቅኩትም። ምን ብዬ ልጠይቅ? ተናገር ያልኩት ለሐኪሙ ነው፤ ነገርኩ አለኝ።

ጠዋት ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ትንሽ ጥቅል በብብቱ ይዞ መጣ። ከመኪናው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔም ታማሚውን እስከ ገዳሪፍ እንዳደርስ ታዝዤ ነበርና ከፊት በዶክተሩና በሾፌሩ መሐል ተጣብቤ ልሄድ ዕቃዬን ጫንኩ። ዶክተሩ ወጣና «መሐመድ ኑር» ብሎ ጠራ። ሌላ ስም አልጠራም።

በዚህ መሐል መምሬ አድማሱ ወደ ዶክተሩ ቀረቡ። ፊታቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። በዐረብኛ «ይህን እንግዳውን ደግመህ እየው» አሉት። ያን ያህል ዐረብኛ ይገባኝ ነበር፤ ቀጥለው የተባባሉትን ግን ቆይቶ ነው የነገሩኝ።

«ትናንት አይቼዋለሁ፣ አባቴ» አለ ዶክተሩ በትሕትና። «በእርስዎ አፍ ጠይቄዋለሁ። አዲስ ነገር አለ?»

መምሬ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። «አዲስ ነገር የለም» አሉ። «እንዲሁ ደግመህ እየው ማለቴ ነው። ቦታ ካለህ ውሰደው።»

«ቦታ የለኝም» አለ ዶክተሩ። ሰማዩን አሳያቸው። ጠቁሯል።

አያ እንግዳው ከድንጋዩ ተነሣ። «ኻላስ?» አለ ሾፌሩን። «ኻላስ» አለው ሾፌሩ፤ አበቃ። ሮጬ ሄድኩ።

«አያ፣ ነግረህ አልነበር?»

«ነግሬያለሁ አልሁሽ እኮ። ሰምተው ትተውኛል። ያልተፈቀደልኝ ነው። በይ ሂጂ፣ መኪናው እንዳይሄድብሽ።» ጥቅሉን በብብቱ እንዳደረገ ቆሞ ሸኘኝ።

በዶክተሩ ተናደድኩ። ሰውየው ውርደቱን ውጦ ነግሮት እንዴት ይተወዋል? አኮረፍኩ፤ ዶካ የምትባለውን ከተማ እስክናልፍ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። በዚያች ኩርፊያ ያባከንኩት መንገድ ዛሬም ይቆጨኛል። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«እያወቅህ ጥለኸው መጣህ!» አልኩት።

«ምን እያወቅሁ?»

«ሰፋ እንደሚይዝ። ነግሮህ የለ!»

ዶክተሩ የሾፌሩን ትከሻ ይዞ አስቆመው። «ማንም ምንም አልነገረኝም» አለ። ዐይኔን ትክ ብሎ አየኝ። የመምሬ አፍ ተከፍቶ ሲዘጋ ታየኝ። አያ እንግዳው ማታ ተንበርክኮ ሳየው ምን ያደርግ እንደነበር ያን ጊዜ ገና ገባኝ። ለሐኪሙ ሳይሆን ለመምሬ ነው የነገረ። በንስሐ።

«እንመለስ» አልኩ። «እንመለስ፣ በፈጠረህ!»

ዶክተሩ ሾፌሩን ዙር አለው። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሾፌሩ ገና ሳያዞር ዝናቡ ወረደ። የቆላ ዝናብ አያካፋም፤ ይደፋል። መንገዱ ከዐይናችን ፊት ጠፋ። ጥቂት ወደ ኋላ ሄድንና ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። ከኋላ መሐመድ ኑር ትኩሳቱ ብሶበት ያቃስታል። ሾፌሩ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ «ያ ዶክቶር፣ ኸሪፍ፣ ክረምቱ ገብቷል። ወደዚያ ከሄድን ሁላችንም እዚያው ነን» አለ። በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ወረድኩ። እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ። ጎትተው አስገቡኝ፤ ወደ ገዳሪፍ ገፋን።

ገዳሪፍ ደርሰን ትራክተር ያላቸውን የእርሻ ባለቤቶች ለመንን። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያዝናል፤ የሚሄድ ግን የለም። መሐመድ ኑር ካርቱም ሄደ፣ ተቆረጠለት፣ ዳነ። ከዚያ በኋላ ገዳሪፍ ገበያ ሻይ እየጋበዘኝ ብዙ ዓመት ኖሯል። ሳየው ደስ ይለኛል፤ ሆዴም ይባባል። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

መንገዱ ሲደርቅ ከዶክተሩ ጋር ተመለስን። አያ እንግዳውን ከጎጆው ውጭ በአልጋ አውጥተውት አገኘነው። የግራ መንጋጋው አብጦ ዐይኑን ሸፍኖታል። ቃል ሲያወጣ ምራቁ ይቀድመዋል። መምሬ አድማሱ አጠገቡ ተቀምጠው ውሃ በማንኪያ ይሰጡታል። ዶክተሩ አየውና ወደ እኔ ራሱን ነቀነቀ። ለቢላ የሚሆን አልነበረም።

ተንበርክኬ እጁን ያዝኩ። «አያ፣ ለምን? ለምን ለሐኪሙ አልነገርከውም?»

ገርሞት አየኝ። እየቆራረጠ «ነግሬ ነበር እኮ። ለመምሬ ነገርኋቸው» አለ። «የሐኪሙ አፍ እሳቸው አይዶሉ? በሳቸው ጠየቀኝ፤ በሳቸው መለስሁ።»

የመምሬ ማንኪያ ወደቀች።

«እንግዳው፣ ልጄ» አሉ። «ለንስሐ አልነበረም የመጣኸው?»

«ለሁለቱም ነበር፣ አባቴ። በዚያው ይነግሩልኛል ብዬ።»

መምሬ ጥምጣማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። በንስሐ የሰማ ካህን ቢቆርጡትም አያወጣም። ያን ጠዋት እውነቱን በሆዳቸው ይዘው «አዲስ ነገር የለም» ሲሉ ሃይማኖታቸውን የጠበቁ መስሏቸው ነበር። አያ እንግዳው ደግሞ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው መልሱ ደርሷል ብሎ ነው። ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ኃጢአቱን ሰምተው የተጸየፉት መሰለው። ያን ሁሉ ክረምት ተጸይፈውኛል እያለ ነው የታመመ። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከሞቱ ይልቅ ይህ ነው።

«እታለም» አለኝ። «አሁን አንቺ ንገሪልኝ።»

ለዶክተሩ ነገርኩት። በእንግሊዝኛ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ቆመና «ንገሪው፤ ሰምቻለሁ በይው» አለኝ። ነገርኩት። አያ እንግዳው ዐይኑን ጨፈነ። ሳይሰነብት አረፈ፤ የሚካኤል ማኅበርተኞች ሙሴያቸውን ተሸክመው ቀበሩት። ሰፋ ይይዝ እንደነበር የሰማ አልነበረም፤ ቢሰማም ኖሮ የሚያዝንለት እንጂ የሚፀየፈው አይመስለኝም። አብዛኞቹ ይይዙ ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ከዶክተር ኡስማን ጋር ሥራ ጀመርኩ፤ ቆይቼም ካርቱም ተማርኩ፣ ትምህርቱ ትምህርት እየሳበ እዚህ አደረሰኝ። መምሬ አድማሱ ሁለተኛ አላስተረጎሙም። ሰው አፉን ለማስመርመር ሲሰበሰብ ግን ራቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ ነበር። «የምትሉት እንዳይሰማኝ ነው፤ ግን እንዳለሁ ይወቁ» አሉኝ አንድ ቀን። ሰውን መጥራቱን አልተዉም። መስማቱን ብቻ ተዉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አባታችሁን ወይም ወንድማችሁን ሐኪም ዘንድ የምታደርሱ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አጠገቡ ቆማችሁ አትመልሱለት። ከክፍሉ ውጡለት። እናንተ ፊት የማያወጣው ነገር ይኖራል፤ ያቺን የማያወጣትን ነው ሐኪሙ የሚፈልጋት። ሐኪሞችም ብትሆኑ፣ «ትጠጣለህ እንዴ? ትወስጃለሽ እንዴ?» እያላችሁ አትጠይቁ። መልሱንም ራሳችሁ ከራሱ አፍ ስሙ፤ ነገርኩ ቢላችሁ ለማን ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ዛሬ ስጠይቅ በርጩማውን ከሰው ዐይን አርቃለሁ። ትምባሆ የሚለውን ቃል አልጠራም። ሰፋ ትይዛለህ ወይ ብዬም አልጀምር። «ስንት ጊዜ ነው በቀን ሰፋ የምትይዝ?» እላለሁ፣ ስንት እንጀራ ትበላለህ እንደማለት። ጥቂት ያስባሉ፤ ከዚያ ይነግሩኛል። እንዲህ ብንጠይቀው አያ እንግዳውም ይነግረን ነበር።